ሞልቷል፣ ቀጣዩን ጠብቁ

"እሺ" ስሙ አይደለም። እናትና አባቱ ያወጡለት የደንብ ስም አለው፤ ያ ስም ግን መታወቂያው ላይ ሆኖ ኪሱ ውስጥ ተኝቷል እንጂ ሰፈር ውስጥ የሚጠራው የለም። ሰፈሩ የሚያውቀው እሺን ነው። ምን ብትሉት እሺ ይላላ! "እሺዬ፣ እህቴ ስትመጣ ይቺን ቻርጀር ስጥልኝ።" እሺ። "እሺ፣ ከሰዓት ለባለ ጋዙ ደውልና ሲሊንደሬ የት እንደደረሰ ጠይቅልኝ።" እሺ። "ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለብኝ፣ እንዳልረሳ ደውለህ አስታውሰኝ።" ኧረ እሺ! የራሱ ቀጠሮ ከነመኖሩ የሚጠፋበት ሰው የሰፈሩ ሁሉ ማንቂያ ደወል ሆኖ ቁጭ አለላችሁ።

ስራው ሞባይል መጠገን ነው። ሱቁ በዳቦ ቤቱና በመድኃኒት ቤቱ መሀል የተሰነቀረች ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ትንፋሹን ውጭ ጥሎ ነው የሚገባው። እጁ ላይ ግን ቀልድ የለም። ውሃ የጠጣ ስልክ፣ ከፎቅ የወደቀ፣ ህጻን ያኘከው፣ መኪና የሄደበት፣ ብቻ አምጡለት፣ ያስነሳዋል። ችግሩ ሁሉንም ባንዴ ነው የሚያስነሳው። ጠረጴዛው ላይ አራት አምስት ስልክ ሆዱ ተከፍቶ ተጋድሟል፤ የዚህ ባትሪ እዚያኛው ስር፣ የዚያ ስክሪን እዚህኛው ላይ። ከሁሉም የወጡት ብሎኖች ደግሞ አንዲት የማርማላታ ክዳን ውስጥ ተደባልቀው ይኖራሉ። "አትደባልቃቸውም?" ሲሉት፣ "እኔ ሁሉንም በጭንቅላቴ ነው የምይዘው" ይላል፣ ግንባሩን በካቻቪቴው መታ መታ እያደረገ።

ጭንቅላቱማ! ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው ይብሳል እንጂ አይሻልም። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አምፖል ይዞ ይመለሳል። ስኳሩን ፍሪጅ፣ ወተቱን ቁም ሳጥን ይከታል። አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱ "የቤቱን ቁልፍ አይተኸዋል?" ብትለው ዓይኗን እያየ "ሐሙስ ይደርሳል" ብሏት ወጣ። ምኑ ነው ሐሙስ የሚደርሰው? እሱም አያውቀውም።

ሚስቱ መዋዕለ ህጻናት ታስተምራለች። ቀኑን ሙሉ ክፍል ሙሉ ህጻን ሲጮህባት ውላ ስትመለስ እንኳን ከሱ የተሻለ ጸጥ ያለ ፊት ይዛ ነው የምትገባው። "አንተን ማናገር እኮ የተያዘ መስመር ላይ መደወል ነው" ትለዋለች። "ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም።"

"እየሰማሁሽ ነው።"

"ምን አልኩህ?"

"... እሺ።"

ከዚህ በኋላ ትስቃለች፤ ምን ታድርግ! ስቃ ስታበቃ ግን ታዝናለች። ሰውየው ቁጭ ብሎ እንኳን አይቀመጥም፤ ተኝቶ እንኳን አይተኛም። ያየችውን ታውቃለች፤ ሲያንቀላፋ ጣቶቹ ብሎን ይፈታሉ።

አሁን ወደ አባቱ ልውሰዳችሁ። አባቱ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። መሪ ከለቀቁ ቆይተዋል፤ ግን ወንበር ላይ ሲቀመጡ አሁንም ጀርባቸው ቀጥ ይላል፣ ከመነሳታቸው በፊት ግራና ቀኝ ያያሉ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እናትየዋ ካረፈች ወዲህ "ከኛ ጋር ኑር" ቢባሉም "መንገዴን አውቀዋለሁ፣ አትቀይሩብኝ" ብለዋል።

እሳቸው ጋ አንድ ስልክ አለች፤ አሮጌ፣ ጠርዟ የተላጠ። ያኔ አዲስ ሆና ስትገዛ ሰውየው እንደ ህጻን ያገኙትን ሁሉ ሲጫኑ ድምጽ መቅጃውን ነክተውት ኖሯል። ልክ በዚያች ሰዓት ሚስታቸው ከኩሽና ትጣራለች፦ "አንተ ሰውዬ! ምሳው በረደ እኮ! ያንን ነገር አስቀምጠውና ና!" ተቀዳች። ያቺ ብቻ ናት ያለችው። ከሷ ሌላ የእናትየዋ ድምጽ የትም የለም። ፎቶ ሞልቷል፤ ፎቶ ግን አይጣራም።

ታዲያ አባትየው ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሾርባቸውን ያቀርቡና ያቺን ድምጽ ይከፍታሉ። "ምሳው በረደ እኮ!" ትላለች። "መጣሁ፣ መጣሁ" ይሏታል። ከዚያ ይበላሉ። ሌላ ሰው ቢያይ ይስቅ ይሆናል። እሳቸው አይስቁም፣ አያለቅሱምም፤ ይበላሉ።

ይቺ ስልክ ባትሪዋ አብጦ ጀርባዋ እንደ ተቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር። "ልጄ፣ ባትሪዋን ቀይርልኝ" ካሉት ሰንብቷል። እሺ አለ። ሚስቱም "ስልኳ ሳትሞት ድምጹን ወደ ሌላ ስልክ ገልብጥላቸው እንጂ" አለችው። እሺ አለ። የሚያዝን ልብ አጥቶ እንዳይመስላችሁ! የውጭ ሰው ይቆጣል፤ አባት አይቆጣም። ስለዚህ የውጭው ይቀድማል፣ አባት ይቆያል። ቤተሰብ ሁሌ የሰልፉ ጭራ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አባትየው ራሳቸው ስልኳን በመሀረብ ጠቅልለው ይዘው መጡ።

"እስከ ምሳ ሰዓት ታደርስልኛለህ?"

"ለአንተማ አባዬ! እሺ!"

"እሺህን አውቃታለሁ። ታደርሳለህ ወይ ነው ያልኩህ።"

"ባትሪ መቀየር እኮ ነው፤ አንተ ሻይ ጠጥተህ እስክትመጣ ትደርሳለች።"

ሄዱ። እሱም ወዲያው ከፈታት፤ ክብር ለሚገባው ክብር፣ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ከሌሎቹ አራት ሬሳዎች መሀል ቦታ ጠርጎ አስቀመጣት። ብሎኖቿን ፈታና፣ የለመደ እጅ አይደል፣ ማርማላታ ክዳኗ ውስጥ ጣላቸው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ካላወቃችሁ የሚመጣው አይገባችሁም። የስልክ ብሎን ስታዩት ሁሉም አንድ ነው፤ ሰሊጥ ያክላል። ግን አንዷ ከሌላዋ ለዓይን በማይሞላ ትረዝማለች። ረጅሟን በአጭሯ ቀዳዳ ካስገባችኋት ዝም ብላ አትቆምም፤ ወደ ታች ትወርድና ቦርዱን ትወጋዋለች። ቦርድ ማለት የስልኩ አንጀት ነው፤ ከጸጉር የቀጠኑ መስመሮች የሚሄዱበት። እነሱ ከተበጠሱ ስልኳ አለቀላት። ይሄን ጀማሪ ጠጋኝ እንኳ ያውቀዋል። እሱም ያውቀዋል።

አዲሱን ባትሪ ገጠመ። ብሎኖቹን መመለስ ጀመረ። በዚህ መሀል የዳቦ ቤቷ ሴትዮ በመስኮት አንገቷን አስገባች። "እሺዬ፣ የጋዙ ነገር?"

"እደውላለሁ፣ አሁን እደውላለሁ።"

አንዱ ስልኩ ጮኸ፤ የቤቱ አከራይ ነው፣ ሪሞቱ አልሰራ ብሎታል። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ሰካው። ሁለተኛው ስልክ ጮኸ። ባለ ታክሲው ደግሞ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሞ "ወንድሜ፣ ቀጠሮዬን አላስታወስከኝም እኮ፣ አመለጠኝ!" እያለ ያፈጣል። እሺ በአንድ አፉ አከራዩን "እሺ"፣ ባለ ታክሲውን "ይቅርታ"፣ ሴትዮዋን "አሁን" ይላል፤ በእጁ ብሎን ያነሳል፣ ያስገባል፣ ያዞራል።

ቅጭ።

ድምጹ ቀንድ አውጣ ስትረገጥ የምትሰማው ዓይነት ነው። ሌላ ማንም አልሰማውም። እሱ ግን ክው አለ። የትኛዋ ብሎን እንደሆነች፣ የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ፣ ምን እንደተወጋ፣ ሁሉንም ባንዴ አወቀው። ማብሪያውን ተጫነ። ጥቁር። ደግሞ ተጫነ። ጥቁር።

"እሺዬ፣ ታዲያ ጋዙን..." አለች ሴትዮዋ።

የዛን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አላለም።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ አባትየው መጡ። ልጃቸው እንደገና ፈትቷት፣ ቦርዷን አውጥቶ፣ በአጉሊ መነጽሩ አፍጥጦ ያያታል። እጁ ላይ ያለው ወረንጦ ይንቀጠቀጣል። ላብ አፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ደረሰች?"

"አባዬ..."

"ንገረኝ።"

ነገራቸው። አላድበሰበሰም። ስለ ብሎኗ፣ ስለ ቀዳዳው፣ ድምጹንም እንዳልገለበጠ። አባትየው መሀረባቸውን ከኪሳቸው አወጡና መልሰው ከተቱት።

"እናትህ ውስጥ ናት?" አሉ በመጨረሻ።

"ውስጥ ናት። ድምጹ የሚቀመጥበት ቦታ አልተነካም። መንገዱ ነው የተበጠሰው።"

"መንገድ ከሆነ ይጠገናል።"

"ይጠገናል፤ ከጸጉር በቀጠነች ሽቦ መቀጠል ነው። ሰርቼው አውቃለሁ። ግን አባዬ፣ ዛሬ አልችልም፤ እጄን እየው። ጭንቅላቴ ውስጥ ገበያ ነው ያለው። ከሳትኩ ደግሞ የቀረውንም አቃጥዬ..." አልጨረሰውም።

አባትየው ሱቋን ዞር ዞር ብለው አዩ። የተከፈቱትን ስልኮች፣ የሚጮኹትን ሁለት ሞባይሎች፣ በሩ ላይ የቆመውን ባለ ታክሲ፣ በመስኮት የገባችውን የሴትዮዋን አንገት። መስታወት አስተካክሎ የኋላውን የሚያይ ሹፌር ይመስላሉ።

"ስንት ሰው ነው ያሳፈርከው?" አሉ።

"እ?"

"በቀጥታ መልስ። ውስጥህ ስንት ሰው ነው የጫንከው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ነድቻለሁ። አውቶቡስ ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ይሰድቡሃል፤ ይስደቡህ። መስታወት ይደበድባሉ፤ ይደብድቡ። በሩን ያልዘጋ ሹፌር ግን ደግ ሰው አይደለም፤ ማንንም የትም የማያደርስ ሰው ነው። የተሳፈረውም እዚያው፣ የቀረውም እዚያው።"

"ሰው ሲቸገር እንዴት እምቢ ልበል አባዬ?"

"እምቢ ማን አለህ? ሞልቷል በል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲሉ አልሰማህም? አንተ ጫካ ሙሉ ነው የወጣኸው።"

አሉና ኮታቸውን አወለቁ። በርጩማዋን ጎትተው ሱቁ በር ላይ አደረጉና ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ተቀመጡባት። ከዚያ ያ የድሮ የስራ ድምጻቸው ወጣ፤ መንገዱ ሁሉ ዞሮ አየ።

"ሞልቷል! ቀጣዩን ጠብቁ!"

ባለ ታክሲው ግራ ገባው። "ጋሼ፣ ምኑ ነው የሞላው? ባዶ እኮ ነው።"

"የልጄ ጭንቅላት ነው የሞላው። አንተ ደግሞ በር ላይ ተንጠልጥለሃል። ውረድ።"

"እኔ እኮ ስለ ቀጠሮዬ..."

"ቀጠሮው የማን ነው?"

"የኔ።"

"እንግዲያው ራስህ ጫነው። ታክሲ የለህም እንዴ?"

የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሳቋ አመለጣት። አባትየው ወደሷ ዞሩ። "እትዬ፣ አንቺም ነይ ጋዝሽን ተረከቢ።"

"ውይ፣ ደረሰ እንዴ?"

"አልደረሰም። ልጄ ጭንቅላት ውስጥ ነው የቆመው። ይኸው ከነሲሊንደሩ ውሰጂው።"

"ጋሼ ደግሞ! እኔ እኮ ባለ ጋዙ ሲያመላልሰኝ ስልችት ብሎኝ ነው።"

"ልጄም ሰልችቶታል። ምን ያድርግ፣ ስሙ እሺ ነው!"

ሴትዮዋ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ወዲያው ግን ስልኳን አውጥታ፣ እዚያው ቆማ፣ ራሷ ደወለች። ያንን ሁሉ ቀን እሺ ጭንቅላት ውስጥ ሲንከባለል የከረመው ሲሊንደር በአንድ ስልክ ወረደ።

"አሁን አንተ!" አሉ ወደ ውስጥ። "እነዚያን ሁለት ስልኮችህን አምጣ።" አጥፍቶ ሰጣቸው፤ ኪሳቸው ገቡ። "የተከፈቱትን ዝጋ።" እየዘጋ፣ እያንዳንዱን ከነብሎኑ፣ ብሎኑ የትኛው እንደሆነ እየለካ፣ ለየብቻ ካርቶኑ ውስጥ ከቶ መደርደሪያ ላይ አወጣቸው። "ሌላስ ማን አለ? በአፍህ ጥራቸው።" እሱም ይጠራል፤ የአከራዩ ሪሞት፣ የአጎቱ ልጅ አሮጌ ስልክ ፈልግልኝ ያለችው፣ የመድኃኒት ቤቱ ቻርጀር። አባትየው ለሁሉም አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው፦ "የማን ተሳፋሪ ነው?" የሰው ከሆነ ይወርዳል። የራሱ ከሆነ "ይቀመጥ፣ ወንበር አለው" ይላሉ። ብታዩት ከዚያ ሁሉ ግርግር ወንበር ያገኙት እፍኝ አይሞሉም። ሚስቱ፣ አባቱ፣ ይቺ ቦርድ። ስራውማ ጠረጴዛው ላይ ሲመጣ ነው የሚሳፈረው።

ጠረጴዛው ባዶ ሆነ። የእንጨቱ ቀለም አረንጓዴ መሆኑን እሺ ያኔ ነው ያስታወሰው።

ታዲያ ጸጥታ እንዲህ በቀላሉ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ! መጀመሪያ ባሰበት። ልክ ሞተሩ ጠፍቶም እንደሚነጫነጭ አሮጌ መኪና ጭንቅላቱ ብቻውን ይንተከተካል። እጁ ሳያውቀው ኪሱን ይዳብሳል፣ ስልክ የለም። "ማን ደውሎ ይሆን? ምን ረስቼ ይሆን?" ይላል ሆዱ። ሽቦዋን በወረንጦ ያዘ፤ ሸሸችው። ደግሞ ያዘ፤ ደግሞ ሸሸች።

"አባዬ፣ ምሳህ ረፈደብህ፤ ለምን ሄደህ..."

"ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው ይላል የአውቶቡሱ ጽሁፍ። ሹፌሩም ተሳፋሪ አያናግር። ንዳ።"

ወረንጦውን አስቀምጦ እጆቹን ጭኖቹ ላይ ዘረጋ። ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቆይቶ የዳቦ ቤቱ ማሽን ሲያጓራ ሰማው፤ ለካ ሁልጊዜ ይጮህ ኖሯል። የአባቱን ሳል ሰማ። የራሱን ትንፋሽ ሰማ፤ ይሄንንስ መቼ ሰምቶት ያውቃል? አንዱ ሐሳብ መጣና ሄደ፣ ሌላው መጣና የሚይዘው ስላጣ እሱም ሄደ። ያኔ በአጉሊ መነጽሩ ጎንበስ ሲል ቦርዷ ሌላ ቦርድ መሰለችው። ጠዋት ጭጋግ ያየባት ቦታ ላይ አሁን ሁለት የተበጠሱ መስመሮች፣ አንደኛው እዚህ፣ ሌላኛው ከሱ አጠገብ፣ ቁልጭ ብለው ተኝተዋል። ሁለት ብቻ! ይቺን ነው እንዴ የፈራሁት?

የጋለውን የብየዳ ብረት አነሳ። የመጀመሪያዋን ሽቦ አስተኛ፤ ነክቶ ለቀቀ። ያዘች። ሁለተኛዋን ሲያስተኛ ውጭ አንድ ሰው "እሺ አለ?" ሲል ሰማ፣ አባቱም "ሞልቷል!" ሲሉ ሰማ፣ ግን ጆሮው ብቻ ነው የሰማው። እጁ አልሰማም። ሁለተኛዋም ያዘች።

ገጠማት። አጭሯን ብሎን በአጭሯ ቀዳዳ፣ ረጅሟን በረጅሟ፣ እያንዳንዷን በመነጽር እያየ። ማብሪያውን ተጭኖ ያዘው። ጥቁር... ጥቁር... ከዚያ መብራት።

አባትየው ሲዞሩ ግራና ቀኝ እንኳ አላዩም። ልጃቸው ድምጹን ፈልጎ አገኘውና ተጫነው።

"አንተ ሰውዬ! ምሳው በረደ እኮ! ያንን ነገር አስቀምጠውና ና!"

እሺ ይሄን ድምጽ ስንት ጊዜ ሰምቶታል፤ አባቱ ቤት ሲሄድ፣ ስልክ እየነካካ፣ በግማሽ ጆሮው። ቁጣ ይመስለው ነበር። አሁን ነው ከኋላ ሳህን ሲንኳኳ የሰማው። አሁን ነው "ና" ስትል እየሳቀች እንደነበር የሰማው። እናቱ እየሳቀች ነበር! እንዴት ይሄን ሳያውቅ ኖረ?

"መጣሁ፣ መጣሁ" አሉ አባትየው በቀስታ።

እሺ እጁ ላይ ወረንጦው እንዳለ ነው። አየው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ስልኩን ከአባቱ ተቀብሎ ድምጹን የዚያኑ ሰዓት ወደ ራሱ ገለበጠው፣ ለሚስቱም ላከላት፤ ከዚያ ሱቁን ዘግቶ ከአባቱ ጋር ምሳ ሄደ። ቅዳሜ! በደራ ገበያ!

ከዚያ ወዲህ ሰውየው መልአክ ሆነ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ባለፈው ሳምንትም ስኳሩ ፍሪጅ ውስጥ ተገኝቷል። ሰፈሩም አኩርፎት ነበር፤ "እሺ ተበላሸ፣ ሚስቱ መከረችው" ብለው አሙት። ግን ጠረጴዛው ላይ አንድ ስልክ ነው ያለው። ማርማላታ ክዳኗ ተጥላለች፤ ብሎኖቹ በእንቁላል ካርቶን፣ እያንዳንዱ ጉድጓዱ ውስጥ። ሚስቱም ስትደውል ይነሳል፤ "ምን አልኩህ?" ስትለው ያለችውን ይነግራታል። መጀመሪያ ቀን ደንግጣ "አሞሃል እንዴ?" ብላው ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ አባትየው ሾርባቸውን በምሳ ዕቃ ይዘው ሱቁ ይመጣሉ። ትናንት ባለ ታክሲው ስክሪኗ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ እየሮጠ ደረሰ። "እሺዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይቺን..." ሊል አፉን ከፈተ። ከውስጥ የሴት ድምጽ መጣ፤ ምሳው በረደ እኮ! ሁለት ወንዶች ባንድ አፍ "መጣን" አሉ።

ባለ ታክሲው አፉን ዘጋ። በርጩማዋን ወደ ጥላው ሳብ አድርጎ ተቀመጠና ተራውን ጠበቀ።